ስፖንሰር እንግዳ ወደ ወሎ ገጠር ለምታመጡ ድርጅቶች፦ ለቤተሰቡም ንገሩት

ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በሰሜንና በደቡብ ወሎ ልጆችን በስፖንሰር ለምታግዙ ድርጅቶች የመስክ ጽሕፈት ቤቶች በሙሉ
ግልባጭ፦ ለአማራ ክልል ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ

ጤና ይስጥልኝ።

የደሴ ሰው ነኝ። ሥራዬ እንግሊዝኛ ማስተማር ነው። ከማስተማሩ ጎን ስፖንሰሮች፣ ማለትም ውጭ አገር ሆነው በድርጅት በኩል አንድ ልጅ ለማገዝ ገንዘብ የሚልኩ ሰዎች፣ ከልጆቹ ጋር የሚጻጻፉትን ደብዳቤ እተረጉማለሁ። ስፖንሰሩ ራሱ ልጁን ሊያይ ከውጭ ሲመጣ ደግሞ አስተርጓሚ ሆኜ አብሬ ወደ ገጠር እወጣለሁ። ከአንድ በላይ ድርጅት ጋር ሠርቻለሁ። የማንንም ስም አላነሳም፤ የምጽፈው የአንዱ ብቻ ችግር ስላልሆነ ስም መጥራቱ አይጠቅምም።

የምለው አንድ ነገር ነው። እንግዳው ስለ ቤተሰቡ የሚነገረውን ያህል ቤተሰቡም ስለ እንግዳው ይነገረው። ማን እንደሚመጣ፣ ለምን እንደሚመጣ፣ የሚልከው ገንዘብ የት እንደሚገባ፣ የሚነሳው ፎቶ የት እንደሚወጣ፣ ድጋፉ መቼ እንደሚያልቅ ይወቅ። አውቆ እሺ ይበል። ካልፈለገም እምቢ ማለት ይችል።

እንግዳው ከአገሩ ከመነሳቱ በፊት የሚላክለትን ወረቀት አይቻለሁ። ልጁ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ፣ ስንት እህትና ወንድም እንዳለው፣ የቤቱ ጣሪያ ሣር ይሁን ቆርቆሮ፣ ቤተሰቡ ስንት በግ እንዳለው ሁሉ ተጽፏል። ምን ዓይነት ልብስ ይዞ እንደሚመጣ፣ ምን ስጦታ እንደሚፈቀድም አለበት። ቤተሰቡ ዘንድ የሚደርሰው ግን «ነገ እንግዳ አለባችሁ፣ ከቤት እንዳትርቁ» የሚል አንድ ቃል ነው። ይህንንም አንዳንዴ የሚያደርሰው የቀበሌ ሰው ነው፤ አንዳንዴ ልጅቷ ራሷ ከትምህርት ቤት ይዛው ትመጣለች።

አንዱን ልንገራችሁ። ከደሴ ወደ ደጋው ወጣ ብሎ ያለ ቀበሌ ነው። ወሩ ረመዳን ነበር። እንግዳዋ ደግ ሴት ናት፤ ከልጅቷ ጋር ለዓመታት ስትጻጻፍ ኖራለች፣ ልጅቷ የላከችላትን ሥዕል ሁሉ በፕላስቲክ ማኅደር አድርጋ ይዛ መጥታለች። እናትየው እንግዳ እንደሚመጣ የሰማችው በዋዜማው ማታ ነው። ሌሊቱን ስትባዝን አደረች። ረከቦቱን ከአንዷ ጎረቤት፣ ሲኒውን ከሌላዋ፣ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር ደግሞ ከትምህርት ቤቱ ተዋሰች። ቤቱን በእበት ለቀለቀች። ድፎ ዳቦ ደፋች። እኛ ስንደርስ ምድጃው ሥር ቁጭ ብላ ቡና ትቆላ ነበር። እሷም ባሏም ጾመኛ ናቸው። ቡናው ጠቁሮ ወዙ ሲወጣ ምጣዱን ከእሳቱ አንስታ፣ በነጠላዋ ጫፍ ይዛ፣ ጭሱ ወደ እንግዳዋ እንዲሄድላት አዞረችላት። የራሷን ፊት ግን ወደ ግድግዳው መልሳ ነው።

ጀበናው ተጥዶ ገና አልፈላም። አስተባባሪው ሰዓቱን አየ። «መንገድ ይመሽብናል፣ ደግሞም እንግዳ ቤት ውስጥ ምንም እንዳይቀምስ መመሪያ አለ» አለኝና ተነሣን። እናትየው ዳቦውን በጨርቅ ጠቅልላ እስከ መኪናው ድረስ ተከትላን መጣች። መንገድ ላይ እንግዳዋ «ያጠፋሁት ነገር አለ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ከሳምንታት በኋላ በዚያ በኩል ሳልፍ ደግሞ እናትየው አገኘችኝና «መምህር፣ ምን አጥፍቼ ነው ቡናዬን ሳትጠጣ የሄደችው?» አለችኝ።

ወሎ ውስጥ ቡና ከአቦል እስከ በረካ ነው። ምርቃቱ፣ ዱዓው፣ የሆድ የሆዱን መጨዋወቱ ሁሉ ያለው እዚያ መሐል ነው። ቡና ተቆልቶ እንግዳው ሳይጠጣ ከወጣ ባለቤቷ ሲከነክናት ይኖራል። ለእንግዳው ሆድ መጠንቀቃችሁ ይገባኛል። ግን የፈላ ቡናና ከእሳት የወጣ ዳቦ ማንን ገድሎ ያውቃል? ያቺ እናት ከሳምንት በፊት ተነግሯት ቢሆን ኖሮ «ከዒድ በኋላ ይሁንልን» ትል ነበር። ወይም «አመሻሽ ላይ ይምጡ፣ አብረን እናፍጥር» ትል ነበር፤ ለእንግዳዋም ከዚያ የበለጠ የሚታወስ ምሽት አይኖርም ነበር። ማንም አልጠየቃትም እንጂ መላው ነበራት።

ስፖንሰር የሚባለውን ነገር እየተቃወምኩ አይደለም። ጥቅሙን በዓይኔ ያየሁት ነው፤ በደብዳቤዎቻቸው ያወቅኋቸው ልጆች ዛሬ ደሴና ኮምቦልቻ ኮሌጅ ሲማሩ አገኛቸዋለሁ። በጥናትም የታየ ነገር ነው። ብሩስ ዋይዲክ የተባለ የኢኮኖሚ ምሁር ከባልደረቦቹ ጋር ኬንያንና ኡጋንዳን ጨምሮ በ6 አገሮች ከ10,000 በላይ ሰዎችን አጥንቶ በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ በልጅነታቸው ስፖንሰር የነበራቸው ሰዎች ከሌሎቹ ከ1 ዓመት እስከ 1 ዓመት ተኩል ገደማ የሚሆን ትርፍ ትምህርት ተምረዋል። ኢትዮጵያ ጥናቱ ውስጥ የለችም። ቢሆንም በየቤቱ የማየው ከዚህ አይርቅም፤ ደብተሩም ክትትሉም «የሆነ ሰው ስለኔ ያስባል» ማለቱም ልጁን ትምህርት ቤት ያቆየዋል።

ስፖንሰሩ መጥቶ በዓይኑ ማየቱም ተገቢ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ትሪቢዩን የተባለው የአሜሪካ ጋዜጣ የስፖንሰር ድርጅቶችን መርምሮ፣ ልጁ ከሞተ በኋላም ሰዎች በልጁ ስም ገንዘብ መክፈላቸውን ሲቀጥሉ እንደነበር አጋልጧል። ስለዚህ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው «ልጁ አለ ወይ? ደህና ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው። ይመልከት፣ ያጣራ። ያን መብት ለስፖንሰሩ ስትሰጡ ታዲያ ልጁን የወለደችው እናትም «ይህ ሰው ማነው? ከልጄ ምን ይፈልጋል?» ብላ የመጠየቅ መብት አላት።

ነገሩ ወሎ ላይ ሲሆን ደግሞ የበለጠ ይከብዳል። ካሜራ የያዘ የውጭ ሰው ለወሎ አዲስ አይደለም። የንጉሡ መንግሥት ሲደብቀው የቆየውን ረሃብ በጥቅምት 1966 ለዓለም ያሳየው ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ የእንግሊዝ ጋዜጠኛ ነው። በጥቅምት 1977 ደግሞ የቢቢሲው ማይክል ቡርክ ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም ያስተላለፈው ዘገባ ዓለምን አስደነገጠ። ሐምሌ 6 ቀን 1977 በለንደንና በፊላደልፊያ የተካሄደው ላይቭ ኤድ የተባለው የእርዳታ ማሰባሰቢያ የሙዚቃ ዝግጅትም የዚያ ዘገባ ውጤት ነው። በዚያ የመጣው እርዳታ ብዙ ነፍስ አትርፏል፤ ይህን የሚክድ የለም። ግን በዚያ ሁሉ ፊልምና ፎቶ ውስጥ ያሉት ሰዎች አብዛኞቹ ስማቸው አልተጠየቀም። የማን ልጅ፣ የየት አገር ሰው እንደሆኑ፣ ከዚያ ክረምት በፊት ስንት ጥማድ በሬ እንደነበራቸው የጻፈ የለም። ያን ጊዜ ልጅ የነበሩት ዛሬ አያቶች ናቸው። እናንተ የምታስጎበኟቸው ልጆች አያቶች ማለት ነው። አንዲት አዛውንት ካሜራ ሲወጣ ሲያዩ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው «ስንራብ ነው የሚያነሱን፤ ጠግበን ሳለን ማንም መጥቶ አያውቅም» አሉኝ። እንግዳው ምን እንዳሉ ጠየቀኝ፣ አንድ ሳላስቀር ተረጎምኩለት። ካሜራውን ቦርሳው ውስጥ ከተተና እስከምንሄድ ድረስ አላወጣውም። አዛውንቷ ኋላ ራሳቸው ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡት።

ቤተሰቡ የሚጠይቀው ጥያቄ ብዙ ነው፤ መላሽ የለውም እንጂ። ከሁሉ በላይ የሚጠይቁኝ «ለምንድን ነው ለማያውቁት ልጅ የሚከፍሉት?» ብለው ነው። በዚህ ላይ ብዙ ወሬ አለ። ልጁን ወስደው ሊያስቀሩት ነው የሚል አለ፣ ሃይማኖቱን ሊያስለውጡት ነው የሚል አለ። ቁጭ ብሎ ያስረዳው ሰው ስለሌለ ወሬው ቦታውን ይዟል። አንድ አባት እንዲህ ሲጠይቁኝ ነገሩ ከየት እንደመጣ ነገርኳቸው። ልጅን በስፖንሰር ማገዝ የተጀመረው አፍሪካ ውስጥ አይደለም። በ1937 እ.ኤ.አ. በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ቤተሰብ ላጡ የስፔን ልጆች ነው አንዱ ትልቅ ድርጅት የተመሠረተው፤ ሌሎቹ ደግሞ ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኮሪያ ጦርነት ወላጅ አልባ ለሆኑ ልጆች ነው የተነሡት። ሰውዬው ትንሽ ዝም አሉና «እነሱም ጦርነት ቤታቸው ገብቶ ያውቃል ማለት ነው?» አሉ። ከዚያ በኋላ እንግዳውን የተቀበሉበት ዓይን ተለወጠ። ምጽዋት የሚቀበሉ አልመሰላቸውም፤ ወንበሩን ራሳቸው ስበው አስቀመጡት፣ ስለ አገሩም ይጠይቁት ጀመር። ለዚህ የፈጀሁት አጭር ጊዜ ነው። ድርጅቱ ግን ልጅቷ ከተመዘገበች ጀምሮ አንድም ቀን አልነገራቸውም።

የገንዘቡም ነገር እንዲሁ ነው። በብዙ ትልልቅ ድርጅቶች አሠራር ስፖንሰሩ የሚልከው ገንዘብ ለአንድ ቤተሰብ በእጅ አይሰጥም፤ ከሌላው ጋር ተደምሮ ለትምህርት ቤት፣ ለውሃ፣ ለጤና፣ ለሥልጠና ይውላል። ጥሩ አሠራር ሊሆን ይችላል። ግን ቤተሰቡ አያውቀውም። ገበያ ላይ የሚሰማው «ፈረንጁ በየወሩ ይልክላችኋል፣ ቢሮው ይበላዋል» የሚል ነው። እንግዳው ሲመጣ ደግሞ ገንዘቡ ቤቱ የገባ ይመስለዋል፤ ዓይኑ ጣሪያውን፣ ግድግዳውን፣ የልጁን ጫማ ይቃኛል። አባትየው ያንን ዓይን ያያል። ሁለቱም በልባቸው ሦስተኛውን ሰው ይጠረጥራሉ፣ እሱም እናንተ ናችሁ። ደብቃችሁ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ ካልደበቃችሁ ግን በአንድ ወረቀት ሊጠራ የሚችል ጥርጣሬ ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ይህንን ለገበሬው ንገሩት። «በልጅህ ስም የመጣው ገንዘብ ይኸውና፣ ይህን ያህሉ ለዚህ ምንጭ ማጎልበቻ ወጣ፣ ይህን ያህሉ ለዚህ ትምህርት ቤት ቆርቆሮ፣ ይህን ያህሉ ለእኛ ደመወዝና ነዳጅ» በሉት። የወሎ ገበሬ እቁብና ቅሬ (ሌላው አገር እድር የሚለውን) ሲያስተዳድር የኖረ ሰው ነው። ሒሳብ ይገባዋል።

እምቢ ማለት ይችላሉ ወይ የሚለውም መታሰብ አለበት። መልእክቱ በቀበሌ ሰው በኩል ሲመጣ ሰው እንደ መንግሥት ትእዛዝ ነው የሚሰማው። አንዲት እናት በጆሮዬ «እምቢ ብል ከሴፍቲኔት ያወጡኛል?» አለችኝ። ሴፍቲኔት ከ1997 ጀምሮ ያለ፣ የምግብ እጥረት ላለባቸው ቤተሰቦች እህል ወይም ገንዘብ የሚሰጥ የመንግሥት ፕሮግራም ነው፣ ከእናንተ ስፖንሰር ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። እሷ ግን ይህን በምን ታውቃለች? ሁለቱንም የሚነግራት ያው አንድ ሰው ነው። የበልጉ ዝናብ በቀረበት ዓመት የቤቷ እህል ከዚያ ስፍር የሚመጣ ሴት «እሺ» ስትል እሺታዋ ፈቃድ አይደለም። ፍርሃት ነው። ስለዚህ መልእክቱን የራሳችሁ ሠራተኛ ይዞ ይሂድ። «እምቢ ብትሉ ምንም አይቀርባችሁም» የሚለውንም በአፉ ይናገር።

አሁን ደግሞ ጥሩ የሆነውን ልንገራችሁ፤ ሁሉም እንደዚያ አይደለምና።

ከአውስትራሊያ የመጣ ሰው ነበር። በግ አርቢ ነው። የሚያግዘው ልጅ ስምንተኛ ክፍል ነው፣ ዓይን አፋር ነው፣ እንግዳው ሲያናግረው መሬት መሬቱን ያያል። አስተባባሪዋ ለሥራዋ የምትጨነቅ ወጣት ነበረች። አስቀድማ ሄዳ ቤተሰቡን አናግራለች፣ ቀኑን እነሱ እንዲመርጡ አድርጋለች፤ የገበያ ቀን እንዳይሆን፣ ውቂያው እስኪያልቅ ድረስም እንዲቆይ ጠይቀው ነበር፣ ቆየላቸው። እንግዳው ምን ሠርቶ እንደሚያድርም ነግራቸዋለች። ታዲያ ቡናው እየተጠጣ ሳለ አባትየው ተነሥተው ወጡና አንዲት እናት በግ እየጎተቱ መጡ። አንገቷን በክንዳቸው አቅፈው የታች ከንፈሯን በአውራ ጣታቸው ዝቅ አደረጉና ጥርሷን አሳዩት። እንግዳው ጎንበስ ብሎ አየ፣ ከዚያ በጉልበቱ ተንበርክኮ ጥርሷን በጣቱ መነካካት ጀመረ። እድሜዋን በጣቶቹ አሳየ። አባትየው «ልክ ነህ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ በኋላ እኔ ሥራ ፈታሁ ማለት እችላለሁ። የጭራዋን ስብ፣ ፀጉሯን፣ ሰኮናዋን እያሳዩ በምልክት ይግባቡ ነበር። ስለ ድርቅ ሲነሣ ብቻ ጠሩኝ። እሱ አገር ዝናብ ሲቀር መንጋውን እየቀነሰ እንደሚሸጥ ነገራቸው፤ እሳቸውም በልጉ ሲቀር የሚያደርጉት ያንኑ እንደሆነ፣ ችግሩ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ሲሸጥ ዋጋው መውደቁ እንደሆነ ነገሩት። ይህን ሁሉ ልጁ ቆሞ ይሰማል። አባቱ ለውጭ አገር ሰው አንድ ነገር ሲያስተምር አየ። ከዚያ ራሱ ቀርቦ በእንግሊዝኛ «እኔም ሁለት በግ አለኝ» አለው። በዚያ ቀን የተናገራት ብቸኛዋ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ናት፣ ግን ያለማንም ግፊት ነው የተናገራት።

የመጣው ስጦታ እርሳስና ኳስ ነበር። ኳሱ ለትምህርት ቤቱ ተሰጠ። ቤተሰቡ ደግሞ እናትየው በስንደዶና በአለላ የሰፉትን ሙዳይ ሰጡት። እባካችሁ ቤተሰቡ የሚሰጠውን አትመልሱ። ዕንቁላል ይሁን፣ ማር ይሁን፣ አንድ ብርጭቆ እርጎ ይሁን። «እነሱ ድሃ ናቸው፣ አይሰጡም» ብላችሁ ስትመልሱ የምትነኩት ክብራቸውን ነው። መጠቅለያ ወረቀትና ቦርሳ ይዛችሁ ሂዱ፣ እንግዳውም ደስ ብሎት ይቀበል።

ስለ ትርጉምም አንድ ነገር አለኝ፣ ይህ የራሴ ሥራ ስለሆነ ነው። «ይህን አትተርጉም» አትበሉን። እናቶች እንግዳውን «ልጆች አሉዎት? እናትዎ በሕይወት አሉ? ይህን ሁሉ መንገድ ሲመጡ ማን ቤት ይጠብቅልዎታል?» ብለው ሲጠይቁ አስተባባሪ «የግል ጥያቄ ነው፣ ተወው» ሲለኝ ሰምቻለሁ። እንግዳው ግን የእነሱን ጓዳ ድረስ ይጠይቃል፣ ስንት ልጅ ወለዱ፣ ስንቱ ሞተ ሳይቀር። የአንዱ ወገን ጥያቄ ተተርጉሞ የሌላው ሲቀር ጨዋታ አይሆንም። ደግሞ ከባድ የሆነ ጥያቄም አለ። አምስት ልጅ ካለበት ቤት አንዷ ትመረጣለች። ፎቶዋ ይነሣል፣ ደብዳቤ ይመጣላታል፣ እንግዳ ይመጣላታል። ታናሿ በር ላይ ቆሞ ያያል። እናትየው «ይኸኛውስ ምን አጠፋ?» ስትል እባካችሁ ልተርጉመው። እንግዳው መልስ ባይኖረው እንኳ ጥያቄውን ይዞ ይሂድ። በነገራችን ላይ በከሚሴ በኩል አማርኛ የማይቀናቸው ብዙ እናቶች አሉ። ለእነሱ ኦሮምኛ የሚችል አስተርጓሚ ይመደብ። ልጅን ለእናቱ አስተርጓሚ ማድረግ ይቅር፤ ልጁ አባቱ ያለውን ለውጦ፣ የሚያሳፍረውን ውጦ ነው የሚናገረው።

ፎቶውን በተመለከተ የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ ወጣት ኮምቦልቻ ፋብሪካ ይሠራል። ታናሽ እህቱ በስፖንሰር የምትታገዝ ናት። አንድ ማታ የሥራ ባልደረባው ስልኩን አቀበለውና «ይህች እህትህ አይደለችም?» አለው። እህቱ ናት። ሊያያት የመጣው እንግዳ አንስቶ ኢንተርኔት ላይ ያወጣው ፎቶ ነው፤ ቤታቸው በር ላይ ቆማለች። ከሥሩ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን እንዳነብለት እኔ ዘንድ ይዞት መጣ። «ምንም የሌላቸው፣ ተስፋ ብቻ ያላቸው» ነው የሚለው። የልጅቷ ስም ከነአባቷ ስም አለ። የቀበሌው ስም አለ። ወጣቱ አልተቆጣም፣ ግን ፊቱ ጠቆረ። «እኛ እኮ መሬት አለን፣ በሬ አለን፣ እኔ በየወሩ እልካለሁ። እንዴት ምንም የሌላቸው ይባላል?» አለኝ። እንግዳው ክፉ አስቦ አይደለም። ግን የአሥራ ሁለት ዓመት ሴት ልጅ ስም፣ ፊትና መንደር በአንድ ላይ ዓለም ሁሉ በሚያየው ቦታ ማውጣት ለልጅቷ አደጋ ነው። ይህንን እንግዳው ገና ሲመጣ ነግራችሁ አስፈርሙት። ለቤተሰቡ ደግሞ ፎቶውን አሳትማችሁ ውሰዱላቸው። ደሴ ፎቶ ቤት ሞልቷል። ስንት ሰው መጥቶ ስንት ጊዜ አንስቷቸው የራሳቸውን ፎቶ አይተው የማያውቁ ቤተሰቦች አሉ።

መጨረሻውን ደግሞ ንገሯቸው። ፕሮግራም ያልቃል። ልጁ 18 ይሞላዋል፣ ወይም ድርጅቱ ከወረዳው ይወጣል፣ ወይም ስፖንሰሩ አቅም ያጥረዋል። ይህ ያለ ነው። የሚጎዳው ሳይነግሩ ዝም ማለት ነው። እንግዳው ከሄደ በኋላ ደብዳቤ ሲቋረጥባቸው «ምን በድዬው ነው?» ብለው ራሳቸውን የሚወቅሱ ልጆች አሉ፤ መንገድ ላይ አስቁመው የሚጠይቁኝ እኔን ነው። በተቃራኒውም አለ። ከወሎ ስንት ልጅ በየዓመቱ በባቲ፣ በሎጊያ አድርጎ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያ በየመን ወደ ሳዑዲ እንደሚጓዝ እናንተም ታውቃላችሁ። አሥራ አምስትና አሥራ ስድስት ዓመት የሆናቸው ልጆች ናቸው። በስፖንሰር የታገዙም አሉባቸው። ለስፖንሰሩ የሚደርሰው ግን «ልጅቷ ከአካባቢው ለቃለች፣ ሌላ ልጅ ልንመድብልዎ እንችላለን» የሚል አጭር ደብዳቤ ነው። ይህን ደብዳቤ መተርጎም አሞኛል። ለምን እንደሄደች ይነገረው። ስምንተኛ ክፍል ስትጨርስ የሚቀጥለው ትምህርት ቤት ስንት ሰዓት መንገድ እንደሆነ፣ ከተማ ተከራይታ እንዳትማር ኪራዩ ከየት እንደሚመጣ፣ ጓደኛዋ ከጅዳ በላከችው ገንዘብ የተሠራው ቆርቆሮ ቤት ከትምህርት ቤቱ መንገድ ላይ በየቀኑ እንደሚታያት ይነገረው። ያንን ያወቀ ስፖንሰር «ሌላ ልጅ» አይልም፤ ምናልባት ለከተማው ኪራይ የሚሆን ያግዝ ይሆናል። እውነቱን የመስማት አቅም የላቸውም ብላችሁ አትፍረዱባቸው። ያን ሁሉ አገር አቋርጠው የመጡ ሰዎች ናቸው።

በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ ሲደርስ እንግዳ መምጣቱ ቆመ። ከዚያ ወዲህም ጸጥታው ሲደፈርስ፣ መንገድ ሲከፈት ሲዘጋ ጉብኝቱ እንደ ድሮው አልሆነም። ብዙው ግንኙነት በደብዳቤና በስልክ ነው። አሠራሩን ለማስተካከል አሁን ጊዜ አላችሁ፤ መኪናው ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ እንግዳው ሰዓቱን እያየ የሚስተካከል ነገር አይደለም።

ለክልሉ ቢሮም አንድ ጥያቄ አለኝ። ልጅን የሚጎበኝ ማንኛውም እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ወላጆች የሚሞሉት በአማርኛ፣ ባስፈለገበት በኦሮምኛ የተጻፈ አጭር የፈቃድ ቅጽ ይዘጋጅ። ማንበብ ለማይችሉ ይነበብላቸው። ማን እንደሚመጣ፣ በየትኛው ቀን፣ ፎቶ ይፈቀድ አይፈቀድ፣ ቡናው ይጠጣ አይጠጣ ሁሉ ይኑርበት። ድርጅቶቹ ይህን ሞልተው ካላሳዩ ጉብኝቱ አይፈቀድ። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ገጽ ወረቀትና ከሳምንታት በፊት የሚደረግ አንድ ጉዞ ነው።

ቅጹን የመተርጎሙን ሥራ እኔ በነፃ እሠራለሁ። የምታውቁኝ ድርጅቶች ስልኬ አላችሁ። ለማታውቁኝ ደግሞ ይህ ደብዳቤ ከደረሳችሁ እዚሁ መልስ ጻፉልኝ፣ ደሴ ቢሯችሁ ድረስ እመጣለሁ። ቤተሰቦችም አብረው እንዲመጡ እጠይቃለሁ፤ ቅጹ ላይ ምን መጻፍ እንዳለበት ከእኔ ይልቅ እነሱ ያውቁታል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የደሴ መምህርና አስተርጓሚ